ሁለተኛው ቆጠራ

ልጁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ የአያቱን ሻሽ ጫፍ ይጎትታል። አያለቅስም፣ አልፈዘዘም፤ ሆዱ ግን ከወትሮው ፈጥኖ ይነፋል፣ ይጎድላል። ከምዕራብ ሐረርጌ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ነርሷ የልጁን ሸሚዝ እስከ ብብቱ ገልጣ፣ የእጅ ሰዓቷን ከሆዱ አጠገብ ይዛ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች። 56።

«እንዲህ ሲሆን ስንተኛው ነው?»

«እንጃ፣ ብዙ ነው። ጉንፋን በያዘው ቁጥር ደረቱ ሲር ሲር ይላል» ትላለች እናቱ። ካርዱ ላይ የሚነበበው ግን አንድ ዓይነት ነው፦ ሳንባ ምች፣ አሞክሳሲሊን፤ ከወር በኋላ ሳንባ ምች፣ አሞክሳሲሊን።

አያትየው ታግሰው ታግሰው ይናገራሉ። «እንጥሉ ነው የወረደው። ይቆረጥለት ብላት እምቢ አለች።»

«እማማ፣ እንጥሉስ ደህና ነው። የታፈነው ደረቱ ነው፤ እስቲ ጆሮዎን ያስጠጉለት።»

አያትየው ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። ነርሷ ከመሳቢያዋ የተቆረጠ ሃይላንድ ታወጣለች። የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ከአንገቱ በኩል ሩቡ ተቆርጦ ተጥሏል፤ የቀረው ሰፊ አፉ የልጅ አፍንጫና አፍ እንዲገጥም በትንሹ ተነድሎ፣ ጠርዙ ቆዳ እንዳይቆርጥ በእሳት ለስልሷል። ቂጡ ላይ የሳልቡታሞል ፓፍ የሚሰካበት ቀዳዳ አለው። ፓፉን ነቅንቃ ትሰካለች፣ ሃይላንዱን ፊቱ ላይ ታስጠጋለች፣ ትጫናለች፣ ልጁ ጥቂት ጊዜ እስኪተነፍስ ትጠብቃለች፣ አንዴ ትደግማለች። ከዚያ ሌላ ልጅ ታያለች። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ተመልሳ እንደገና ትቆጥራለች። 38።

ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ ልጆች ጤና ጣቢያዎች የሚመሩበት የሕጻናት ሕመም መመሪያ መስመሩን 40 ላይ አስምሯል። በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላሉት መስመሩ 50 ነው። ይህ ልጅ በመጀመሪያው ቆጠራ የሳንባ ምች ታማሚ ነበር፤ በሁለተኛው አይደለም። በመካከሉ የተደረገለት ነገር ቢኖር ሁለት ጊዜ የተጫነ ፓፍ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሁለተኛ ቆጠራ ነው። መመሪያው ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ትንፋሹ ፈጣን ከሆነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ቶሎ የሚሠራ የቧንቧ ማስፊያ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው እስከ ሦስት ጊዜ ይሰጠው፣ ከዚያ እንደገና ይቆጠርለት ይላል። ይህ በወረፋ ብዛት ወይም በፓፍ እጦት ሲዘለል የሚታለፈው አንድ የአሠራር ደረጃ ብቻ አይደለም። ለዚህ ዕድሜ ልጅ በእንዲህ ያለ ከተማ ሊደረግ የሚችለው ብቸኛ የሳንባ ምርመራ ነው የሚዘለለው።

እንዲህ ካሉት ከተሞች አንዷ የሆነችው ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጨርጨር ደጋ በሚወጣው የሐረር መንገድ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ 1,800 ሜትር ያህል ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይላታል። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው፤ በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕጻንነታቸው ወደ ሕንድ ተወስደው፣ ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው፣ አገራቸውን ፈልገው የተመለሱ ሰው። ሐኪም ያስተዳደራት ከተማ በአገራችን ብዙ የለችም።

ከጭሮ ወደ ሂርና፣ ወደ በዴሳ፣ ወደ ገለምሶና ወደ መቻራ የሚወስዱት መንገዶች በቡና፣ በጫትና በማሽላ ማሳዎች መካከል ያልፋሉ። የማሽላው አገዳ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ለቤት ሥራ ይሆናል፣ የቀረው ምድጃ ውስጥ ይገባል። ምድጃው ያለበት ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ጭስ መውጫ የለውም። እንጀራ ሲጋገር ሕጻኑ በእናቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ በርጫ ላይ ሲጋራ ሲለኮስም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። የሚያፏጭ ደረት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው፤ ጉንፋን የሚበዛበት የብርዱ ወቅት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ትንንሽ ልጆች ለምን ይበልጥ ያፏጫሉ? ወደ ሳንባ የሚገባው አየር እየተከፈሉና እየቀጠኑ በሚሄዱ ቧንቧዎች ያልፋል፤ የሕጻን ቧንቧ ደግሞ ገና ከጅምሩ ጠባብ ነው። አየር በጠባብ ቧንቧ ሲያልፍ የሚገዛው ሕግ ጨካኝ ነው፦ የቧንቧው ስፋት በግማሽ ቢቀንስ አየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል። አዋቂን አንድ ቀን ብቻ የሚያስነጥሰው ጉንፋን የአንድ ዓመት ልጅን ትንፋሽ የሚያሳጣው ለዚህ ነው። ጥበቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። የቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ያብጣል፤ አክታ ይሞላዋል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ፓፉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈታው ሦስተኛውን ነው። እብጠቱንና አክታውን አይነካም፤ በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ የተቀመጠ የሳንባ ምች ላይ ደግሞ ምንም አያደርግም።

ስለዚህ ሁለተኛው ቆጠራ ሲወርድ የሚነግረን ነገር አለ፦ ያፈነው፣ ቢያንስ በከፊል፣ የተኮማተረ ጡንቻ ነበር። ሳይወርድ ሲቀርም ይነግረናል፦ ሌላ ነገር ፈልጉ። በትልልቅ ከተሞች ውድ መሣሪያዎች የሚሠሩት ምርመራ አስተሳሰቡ ይኸው ነው። ይለካል፣ መድኃኒቱ ይሰጣል፣ እንደገና ይለካል፣ ልዩነቱ ይነበባል።

ትንፋሽ መቁጠር ራሱ የመጣው እንዲህ ካለ ቦታ ነው። ፍራንክ ሻን የተባሉ የሕጻናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደጋማ አካባቢ፣ ራጅ በማይደረስበት ቦታ፣ ከሚያስሉት ልጆች የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚያስፈልገው ለመለየት ትንፋሽ ቆጠሩ፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ዘዴውን ተቀበለው። ዛሬ በኢትዮጵያ ቀበሌዎች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የሚቆጥሩት የዚያ ልጅ ልጅ ነው። የብዙ ሺህ ሕጻናትን ሕይወት ያተረፈ ቆጠራ ነው፤ እኔ ስለ ሁለተኛው ስናገር የመጀመሪያውን ለማሳነስ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቆጠራ የታፈነን ቧንቧና የታመመን ሳንባ መለየት አይችልም። ሁለቱም ልጆች ፈጥነው ይተነፍሳሉ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በፓኪስታን ተለክቷል። ታቢሽ ሐዚርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ደረታቸው የሚያፏጭና ትንፋሻቸው የፈጠነ ወይም ደረታቸው የሚሰረጎድ 1,622 ሕጻናት ላይ መመሪያው የሚለውን አደረጉ። ከባድ ባልሆነ የሳንባ ምች ከተመደቡት 1,004 ልጆች 621ዱ ማስፊያው እስከ ሦስት ጊዜ ከተሰጣቸው በኋላ ከምድቡ ወጡ። ከአሥሩ ስድስቱ ማለት ነው። በከባዱ ምድብ ከነበሩት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ተሻለው። ከዚያው ጥናት እኔን ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ ፉጨቱ ያለ ማዳመጫ፣ በባዶ ጆሮ የተሰማው ከልጆቹ በሲሶ ገደማ ላይ ብቻ ነበር። ማዳመጫ በማትይዝ ባለሙያ ፊት የሚያልፉት የቀሩት ሁሉ ሳንባ ምች ተብለው ይሄዳሉ።

አንድ ጊዜ ሳያስፈልግ አሞክሳሲሊን መውሰድ ልጅን አይጎዳው ይሆናል። በዓመት አምስቴ፣ ስድስቴ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። መድኃኒቱን የተላመዱ ተህዋስያን ይበረክታሉ፤ ቤተሰቡ ከገጠር ከተማ በተመላለሰ ቁጥር የአንድ ቀን ሥራ ይቀራል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የልጁ እውነተኛ ችግር ስም ሳያገኝ ዓመታት መቆጠራቸው ነው። እንጥል ቆራጩ የሚጠራው በዚህ መካከል ነው። አያትየው ክፉ ስላሰቡ አይደለም፤ ጤና ጣቢያው የሰጠው መልስ ተደጋግሞ ስላልሠራ ነው። መቁረጡ ደም መፍሰስና መመረዝን ያመጣል፤ ከሳንባ ቧንቧ ጋርም የሚያገናኘው ነገር የለም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንሂድ። ጆን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ስፒሮሜትርን ለለንደን ሐኪሞች ሲያቀርብ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አስተንፍሶ ነበር፤ የሰው የሳንባ አቅም ከቁመቱ ጋር አብሮ እንደሚያድግ ያሳየውም እሱ ነው። እስከ ዛሬ የማንኛውም ልጅ ውጤት ከመነበቡ በፊት ቁመቱ የሚለካው ለዚህ ነው። ምርመራው ሲነገር ቀላል ነው። በሙሉ ደረት አየር ይሳባል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይል፣ ሳያቋርጡ፣ እስኪያልቅ ይተነፈሳል። መሣሪያው በመጀመሪያው ሰከንድ ስንት ሊትር እንደወጣ ይመዘግባል። ፓፍ ተሰጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ከተጠበቀ በኋላ ይደገማል፤ የመጀመሪያው ሰከንድ አየር 12 ከመቶና ከዚያ በላይ ከጨመረ ቧንቧው ተኮማትሮ ነበር፣ ተፈታ ማለት ነው።

የአራት ዓመት ልጅን ግን «እስኪያልቅ ንፋ» በሉት። ይስቃል። በአፉ ጎን ያስተነፍሳል። ሁለቴ በደንብ ነፍቶ ሦስተኛውን እምቢ ይላል። የሠለጠነ ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ ሻማ የሚያጠፋ ጨዋታ እያሳየ፣ አብሮ እየነፋ፣ እያጨበጨበ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ካሉ ልጆች ብዙዎቹን ማስነፋት እንደሚችል ተረጋግጧል። የአሜሪካና የአውሮፓ የሳንባ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2007 ለቅድመ ትምህርት ዕድሜ ልጆች የተለየ መመሪያ ያወጡትም ከዚህ ተነስተው ነው። እዚያ ላይ አንድ ጥሩ ማስተዋል አለ፦ የትንሽ ልጅ ሳንባ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ባዶ ይሆናል። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣውን መለካት ለእሱ ትርጉም ያጣል፤ በግማሽ ሰከንድ ወይም በሦስት አራተኛ ሰከንድ የወጣው ነው የሚነበበው። መሣሪያውን ለአዋቂ እንደተዘጋጀ አምጥቶ ልጅ አፍ ላይ መሰካት ብቻ አይበቃም።

ሌላም ችግር አለ። የልጁ ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸራል? ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን መለኪያ ለመሥራት ቀድመው ሞክረዋል፤ መንገሻና መኮንን የተባሉ ተመራማሪዎች ሲጋራ የማያጨሱ ጤናማ ኢትዮጵያውያን ወንዶችና ሴቶች የሳንባ ልክ ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1985 ቶራክስ በተባለው የብሪታንያ መጽሔት አሳትመዋል። ያ ግን የአዋቂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ74 ሺህ በላይ ጤናማ ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ ከ3 እስከ 95 ዓመት ላሉ ሁሉ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ደግሞ በጥቁሮች ስም የያዘው የአፍሪካ አሜሪካውያንን ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ዘር የማይጠይቅ ሌላ ስሌት ወጣ። ክርክሩ ገና አላለቀም። ለጭሮ ልጅ ግን ከክርክሩ ውጭ የሆነ አንድ ማነጻጸሪያ አለ፤ እሱም ከፓፉ በፊት የነበረው የራሱ ትንፋሽ ነው። ልጅን ከራሱ ጋር ማስተያየት የማንንም ሰንጠረዥ አይጠይቅም።

መንፋት ለማይችሉት የተሠራው ዘዴ ኦሲሎሜትሪ ይባላል። ሐሳቡ አርተር ዱቦይስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ያቀረቡት ነው። ልጁ እናቱ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፤ አፍንጫው በቆንጣጭ ይያዛል፤ ከንፈሩን የመሣሪያው አፍ ላይ ይገጥማል፤ አንድ ሰው ከኋላ ጉንጮቹን በሁለት እጁ ደገፍ ያደርግለታል፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ይተነፍሳል። ሌላ የሚጠየቀው የለም። መሣሪያው ለስላሳ የአየር ሞገድ ወደ ውስጥ ይልካል፣ የሚመለሰውን ያነባል። በሰከንድ 5 ጊዜ የሚርገበገበው ዝግተኛ ሞገድ እስከ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ይወርዳል፤ ፈጣኑ ከላይ ከሰፋፊዎቹ ይመለሳል። ሁለቱን በማስተያየት ጥበቱ ላይ ነው ወይስ ታች የሚለው ይገመታል። ለልጅ አንዱ ልኬት የሚፈጀው 16 ሰከንድ ያህል ሲሆን ጥቂት ጊዜ ይደጋገማል። ከፓፍ በኋላ የቧንቧው ተቃውሞ በ40 ከመቶ ከወረደ ምላሹ ጉልህ ነው ይባላል።

ይህ የሀብታም አገር ወሬ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። በደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕታውን ብዙ በማትርቀው ፓርል ከተማ፣ ፕሮፌሰር ሄዘር ዛር የሚመሩት የድራከንስታይን የሕጻናት ጤና ጥናት ከድሃ ሰፈሮች ከሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን መዝግቦ ልጆቻቸውን ከተወለዱ ከስድስት ሳምንት ጀምሮ ለክቷል። ሕጻናቱ ማስተኛ መድኃኒት አልተሰጣቸውም፤ ጠብተው እንቅልፍ ሲወስዳቸው ተለኩ። በመጀመሪያው ዓመት የሳንባ ምችና መሰል ሕመም የያዛቸው ልጆች አንድ ዓመት ሲሞላቸው የሳንባ አቅማቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ በስድስት ሳምንታቸው የነበረው ልዩነት ታስቦ እንኳ። እኚሁ ፕሮፌሰር ናቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ባሳተሙት ሙከራ ከግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በደንብ ተገጥሞ የተሠራ ስፔሰር አስም ለተነሳባቸው ልጆች ከፋብሪካው እኩል እንደሚሠራ ያሳዩት። ነርሷ መሳቢያ ውስጥ ያለው ሃይላንድ የድሃ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በሙከራ የተረጋገጠ መሣሪያ ነው።

በአገራችን ስለሚያፏጭ ደረት የተሠራው ጥናት ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ይቀድማል። የማነብርሃንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ፤ ፉጨትና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። በቡታጅራ ደግሞ 1,065 ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ልጆቻቸው ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። ዓለማየሁ አምበርብርና ባልደረቦቻቸው ፓራሲታሞል በብዛት በወሰዱት ሕጻናት ላይ ፉጨት በዝቶ ማየታቸውን እ.ኤ.አ. በ2011 አስታወቁ። ትኩሳት የሚበዛበት ልጅ መድኃኒቱም ይበዛለታልና ይህ እናቶች ፓራሲታሞልን እንዲፈሩ የሚያደርግ ፍርድ አይደለም። እነዚህ ትልልቅ ጥናቶች ፉጨትን ያወቁት ግን ሰዎችን ጠይቀው ነው። የለንደን ሐኪሞች ወላጆች የሚናገሩትን ፉጨት ከራሳቸው ምርመራ ጋር ሲያስተያዩት የተስማሙት ከግማሽ ባነሰው ላይ ነበር። ያፈነ አፍንጫም፣ ጉሮሮ ላይ ያለ አክታም ድምፅ ያሰማል። የእናት ቃል ሊተካ የማይችል መረጃ ነው፤ ቁጥር ሲታከልበት ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል።

ለመለካት መድከም ምን ይጠቅማል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው በአሜሪካ አሪዞና ቱሳን ከተማ የተካሄደው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1984 የተወለዱ 1,246 ሕጻናት ተመዘገቡ፤ ከመካከላቸው ለተወሰኑት ምንም የሳንባ ሕመም ሳይነካቸው በፊት ትንፋሻቸው ተለካ። ፈርናንዶ ማርቲኔዝና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ውጤቱን ሲያወጡ ከስድስት ዓመት ልጆች ግማሽ ያህሉ አፏጭተው አያውቁም። ከመቶ 20 ያህሉ ከሦስት ዓመት በፊት አፏጭተው ስድስት ሲሞላቸው ትተዋል፤ እነዚህ ገና ሳይታመሙ ቧንቧቸው ጠባብ ሆኖ የተገኙት ናቸው። ከመቶ 14 የሚሆኑት ግን ጀምረው አልተውም። የእነዚህ ሳንባ ሲወለዱ ደህና ነበር፤ በስድስት ዓመታቸው ግን ቀንሶ ተገኘ። በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜያቸው ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ድምፃቸው አንድ ነው። አንደኛው አድጎ ይተወዋል፤ ሁለተኛው በየቀኑ የሚወሰድ የቧንቧ እብጠት መቀነሻ ፓፍ ሊያስፈልገው ይችላል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተደጋግሞ የተጻፈ መረጃ ነው።

ለዚህ ነው ካርዱ ላይ የሚጻፈው ነገር የሚያሳስበኝ። «ሳንባ ምች» ብቻ ተጽፎ ሲሄድ የቀጣዩ ወር ባለሙያ ከዜሮ ይጀምራል። «ከፓፍ በፊት 56፣ በኋላ 38፣ ሲያዳምጡት ሁለቱም በኩል ያፏጫል» ተብሎ ቢጻፍ፣ እንዲህ ያለ መስመር በዓመት አራቴ ቢደራረብ፣ ጭሮ ወይም ገለምሶ ሆስፒታል ያለው ሐኪም፣ ከዚያም አልፎ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም ድሬዳዋ ድል ጮራ የሚቀበለው የሕጻናት ስፔሻሊስት፣ ገና ልጁን ሳይነካ ግማሹን ያውቃል። የቧንቧው ምላሽ ታሪክ በእጁ ነው። ልጁ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ከተደረገለት ያም ቁጥር ይጻፍ፤ በጨርጨር ደጋ ላይ የጤናማ ልጅ ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ልጅ በትንሹ ዝቅ ሊል እንደሚችልም ይታሰብ።

እናቶችም የሚይዙት መሣሪያ አለ፤ ስልክ። ልጁ ሌሊት ሲያፏጭ ልብሱን ገልጦ ደረቱን ከነድምፁ ለአንድ ደቂቃ መቅረጽ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲደርስ ድምፁ ጠፍቶ ከሆነ እንኳ ባለሙያው ሌሊቱን ያያል። ፉጨቱ ነው ወይስ የአፍንጫ መታፈን የሚለውን ክርክር አንድ ቪዲዮ ይፈታዋል።

ቆጠራው ወሰን አለው። ትኩሳት ትንፋሽን ያፈጥናል፤ ልቅሶም። በሚጠባ ወይም በሚጫወት ልጅ ላይ ሁለት ሰዎች ሁለት ቁጥር ያገኛሉ። ስለዚህ ልጁ ጸጥ ብሎ ሙሉ ደቂቃ መቆጠር አለበት። የትኛውም ልኬት ብቻውን የማይይዛቸው ሕመሞችም አሉ። ከባቢሌ የሚመጣው ኦቾሎኒ በሐረርጌ ገበያ ሁሉ አለ፤ የሁለት ዓመት ልጅ እየሳቀ ሲበላ አንዷ ፍሬ ወደ ቧንቧው ልትገባ ትችላለች። ድንገት ትን ብሎት የጀመረ፣ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ፣ በፓፍ የማይለወጥ ፉጨት አስም ተብሎ ወራት ሊታከም አይገባም፤ ሆስፒታል ሄዶ ፍሬዋ መውጣት አለባት። ቲቢም ያበጠ ዕጢው ቧንቧን ከውጭ ሲጫን ያስፏጫል። ክብደት የማይጨምር፣ ሳምንታት የሚያስል፣ ቤቱ ውስጥ የሚያስል አዋቂ ያለ ልጅ ለዚያ ይመርመር። ሲጠባ የሚያልበው፣ ከተወለደ ጀምሮ የሚያፏጭ ሕጻን ልቡም ይታይ።

ከዚህ ሁሉ ፊት የሚቆመው ግን የፓፍ ነገር ነው። በየከተማው የሳልቡታሞል ሽሮፕ ይሸጣል፤ እናቶችም ይወዱታል፣ ልጁ ይጠጣዋልና። በሽሮፕ የሚወሰደው ግን በሆድ አልፎ፣ ደም ዞሮ፣ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ልብን ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። በፓፍ የሚሄደው በጣም ትንሽ መጠን ሆኖ ቀጥታ ቧንቧው ላይ ያርፋል። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «ፓፍ የጀመረ አይድንም» የሚለው ወሬ ከመድኃኒቱ ዋጋ እኩል ልጆችን ያግዳል። ሱስ አያስይዝም። ሕመሙ የሚመላለስ ስለሆነ ፓፉም ይመላለሳል። በዞኑ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ሳልቡታሞል ፓፍ ሳይቋረጥ ቢገኝና በየክፍሉ አንድ ንጹሕ ሃይላንድ ቢሰቀል ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በፊት የሚመጣ እርምጃ ነው። ኦሲሎሜትሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጭሮ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ሐረር ላይ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅ አለ። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ የሐረርጌ ልጆች የሳንባ ልክ ማውጣት ለእነዚህ ሁለት ተቋማት ከአቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም።

እስከዚያው ድረስ ልጁ ያድጋል። አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሞላው መንፋት ይችላል፤ ፉጨቱ ካልተወው ስፒሮሜትር ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ቁመቱ ይለካል፣ ይነፋል፣ ፓፍ ይወስዳል፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፣ ይነፋል። ውጤቱ እንዳይዛባ ሳልቡታሞሉ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለአራት ሰዓት ሳይሰጥ ይቆያል። መንገድ ላይ ካፈነው ግን አውቶቡስ ውስጥም ቢሆን ፓፉ ይሰጠው፤ ምርመራው በሌላ ቀን ይደረጋል።